የጎረቤት ውሻ ነከሰዎት? ጸቡ ይደር፣ ቁስሉ አይደር

አዲስ አበባ ውስጥ የጎረቤት ውሻ ሰው የሚነክሰው ብዙውን ጊዜ እዚያው በሩ ላይ ነው። ጠዋት መኪና ሊወጣ ግቢው ሲከፈት ነው፣ ወይም ሌሊቱን ሰፈር ሲጠብቅ ያደረው ውሻ ገና ሳይታሰር። አንድ ሰው ቡቺ የምትባል ትንሽ ውሻቸውን በገመድ ይዘው ሊያንሸራሽሩ ወጡ እንበል። ከጎረቤት ግቢ አንድ ትልቅ ውሻ ተወርውሮ ይወጣና ቡቺን ወገቧን ይዞ ያራግፋታል። ባለቤቷ ሊያስጥሉ እጃቸውን ሲሰዱ እሳቸውም ይነከሳሉ። ወዲያው ሰፈሩ ይሰበሰባል። አንዱ «በርበሬ ነስንሱበት» ይላል፣ አንዷ የቡና ዱቄት ይዛ ትሮጣለች፣ አንዱ ድንጋይ አንስቶ «ይሄን ውሻ ካልገደልኩ» ይላል፣ ሌላው ፖሊስ ይጠራ ባይ ነው። የውሻው ጌታ ደግሞ በራቸው ላይ ቆመው «ኧረ የተከተበ ነው፣ ምንም አይልም» ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል በዚያች ሰዓት የሚጠቅመው ሳሙናና አንድ ጀሪካን ውሃ ይዞ የመጣው ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠፋው ቅደም ተከተል ነው። ንዴቱ ስለሚቀድም ጭቅጭቁ ይቀድማል፣ ከዚያ የቡቺ ነገር፣ ቁስል ማጠብ ማታ ቤት ሲገባ፣ ክትባት ደግሞ በሦስተኛው ቀን አንድ ዘመድ ደውሎ «ኧረ ተከተቡ» ሲል። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው። በዚያ ላይ ሰው ሲሰማው ግር የሚለው አንድ ነገር አለ፦ ያ የነከሰዎት ውሻ ቢያንስ ለ10 ቀን በሕይወት እንዲቆይ ከማንም በላይ የሚፈልጉት እርስዎ ነዎት። ውሻው ያለው ጎረቤትዎ ግቢ ስለሆነ ደግሞ ለእነዚያ 10 ቀናት ከጎረቤትዎ ጋር ኩርፊያ አያዋጣዎትም።

ሁለት ውሾች ተያይዘው ሲያዩ እጅዎን በሁለቱ አፍ መካከል አይስደዱ። የራስዎ ውሻም በድንጋጤ ይነክስዎታል፤ ማን እንደነከሰዎት እንኳ ላያውቁት ይችላሉ። አንድ ባልዲ ውሃ ፊታቸው ላይ መድፋት፣ ወንበር ወይም ጣውላ መሀላቸው ማስገባት፣ ጃኬት አውልቆ የትልቁን ውሻ ዓይን መሸፈን ከእጅ ይሻላል።

15 ደቂቃ፣ በሰዓት ተይዞ

የሚፈራው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ ያለው በታመመው ውሻ ምራቅ ውስጥ ነው። በንክሻው ወደ ሥጋ ይገባል፣ ከሥጋ ወደ ነርቭ ይዘልቃል፣ ነርቭ ነርቩን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይሄዳል። ይህ ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ወር ይፈጃል፤ በሳምንት የጨረሰበት ጊዜም አለ፣ ከዓመት በላይ የቆየበትም። ንክሻው ፊት፣ ጭንቅላት ወይም አንገት ላይ ከሆነ መንገዱ ያጥራል። ልጆች ቁመታቸው ከውሻው አፍ ጋር እኩል ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚነከሱት እዚያው ላይ ነው። አንዴ አንጎል ደርሶ ምልክት ከታየ በኋላ ግን የሚያድን ሕክምና የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ ይሞታል ብሎ ይገምታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፣ ከ10 ሟቾች 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ነው፣ ወደ ሰው የሚያስተላልፈውም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው።

ቫይረሱ መንገድ ላይ እያለ ሊቀደም ይችላል። የመጀመሪያው ቀዳሚ ደግሞ ሳሙና ነው። ቫይረሱ የተጠቀለለው በስብ ሽፋን ስለሆነ ሳሙና ሽፋኑን አሟሙቶ ያፈርሰዋል። ታዲያ ቁስሉን ለቅለቅ አድርጎ መጥረግ አይበቃም፤ 15 ደቂቃ ነው፣ ሰዓት እያዩ። 15 ደቂቃ ከሚገምቱት በላይ ይረዝማል፣ እጅም ያዝላል፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ያግዝዎት። የልብስ ሳሙናም ቢሆን ይሠራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ቧንቧው ደረቅ ከሆነ አንድ ሰው ከጀሪካን በጆግ እየቀዳ ከላይ ያፍስስልዎት፣ የታጠበበት ውሃ ወደ ታች ወርዶ ይሂድ። እጅን ሳፋ ውስጥ ነክሮ መቀመጥ ያንኑ ቆሻሻ መልሶ መዘፍዘፍ ነው። የጥርስ ቀዳዳ ካለ ውሃው ቀዳዳው ውስጥ ይግባ፤ ያማል፣ ግን ይግባ። ከዚያ አዮዲን ወይም አልኮል።

ቡና፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አመድ፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ ማንኛቸውም ቁስል ላይ አይደረጉም። ቁስሉን ያቃጥላሉ፣ ያቆሽሻሉ፣ ሐኪሙም መልሶ ለማጽዳት ይቸገራል። ጥብቅ አድርጎ ማሰርም አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ቁስሉን ወዲያው ካልሰፉት ቸል ተባልኩ አይበሉ፤ የውሻ ንክሻ ከተቻለ ሳይሰፋ ይቆያል፣ መሰፋት ካለበትም ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው ተሠርቶ ያለቀ መከላከያ ከተወጋ በኋላ ነው።

ሁሉም የሚረሳው ደግሞ ቡቺን ያቀፉበት እጅ ነው። ጸጉሯ በዚያ ውሻ ምራቅ ርሷል፣ እርስዎም ጣትዎ ተጭሯል። ጓንት ከሌለ ፌስታል እጅዎ ላይ አጥልቀው ይያዟት፣ ከዚያም ክንድዎን እስከ ክርንዎ ይታጠቡ።

መርፌው እንደ ድሮው አይደለም

የዓለም ጤና ድርጅት ንክኪን በሦስት ይከፍላል። ውሻው ያልቆሰለ ቆዳ ከላሰ ከመታጠብ በቀር ምንም አያስፈልግም። ደም ያላወጣ ጭረት ወይም ቆዳ የቆነጠጠ ንክሻ ከሆነ ክትባት ያስፈልጋል። ደም ከወጣ፣ ወይም ምራቁ የቆሰለ ቦታ፣ ዓይን ወይም አፍ ከነካ ክትባትና ኢሚዩኖግሎቡሊን አንድ ላይ። የቡቺ ባለቤት ሦስተኛው ውስጥ ናቸው። «ትንሽ ነው የጫረኝ» የሚባል ነገር ሦስተኛው መደብ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ልብ ይበሉ፤ መለኪያው የቁስሉ ስፋት ሳይሆን ደም መውጣቱ ነው።

ብዙ ትልልቅ ሰዎች ከክትባት የሚሸሹት የድሮውን ስለሚያስታውሱ ነው። በአገራችን ለብዙ ዓመታት ይሰጥ የነበረው ክትባት ከበግ አንጎል የሚዘጋጅ ሲሆን ሆድ ላይ በየቀኑ ለሁለት ሳምንት ይወጋ ነበር። አዲስ አበባ ጉለሌ ያለው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የሚባለውና ብዙ ሰው እስካሁን «ፓስተር» የሚለው ተቋም ከዚያ መርፌ ጋር ነው በሰው ልቡና የተሳለው። የአሁኑ ሌላ ነው። ክንድ ላይ የሚወጋ፣ እንደማንኛውም ክትባት የሆነ መርፌ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ጭን ላይ ይሆናል፣ መቀመጫ ላይ ግን አይወጋም። በተለመደው አሰጣጥ የመጀመሪያው የሚወሰድበት ቀን «ዜሮ» ተብሎ ይቆጠርና ቀጣዮቹ በ3ኛው፣ በ7ኛው፣ በ14ኛው ቀን ይሰጣሉ፤ አምስተኛ የሚጨምሩ ተቋማት በ28ኛው ቀን ይጨምራሉ። ቆዳ ውስጥ በትንሽ መጠን የሚሰጡና በሦስት ቀጠሮ የሚጨርሱም አሉ። እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናት፣ ሕፃን ልጅ፣ ማንም አይከለከልም። አንድ ቀጠሮ ቢያልፍዎት ከዜሮ አይጀመርም፣ ካቆሙበት ይቀጥላል። ከዚህ በፊት ሙሉውን የጨረሱ ከሆነ ሁለት መርፌ ብቻ ይበቃዎታል፣ በዜሮና በ3ኛው ቀን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊንም አያስፈልግዎትም። ያንን ካርድ የት እንዳስቀመጡት ግን ማስታወስ ይኖርብዎታል።

ኢሚዩኖግሎቡሊን ምንድን ነው? ክትባቱ ሰውነትዎ የራሱን መከላከያ እንዲሠራ ያዝዘዋል እንጂ መከላከያውን ራሱን አይሰጠውም፤ ሰውነት ሠርቶ እስኪያወጣው ድረስ አንድ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። በዚያ ክፍተት የሚጠብቀው ተሠርቶ ያለቀ መከላከያ ነው ኢሚዩኖግሎቡሊን። ቁስሉ ውስጥና ዙሪያውን ይወጋል። ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚገኝ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ሲሄዱ ሁለቱንም ለይተው ይጠይቁ፦ «ክትባቱ አለ? ኢሚዩኖግሎቡሊኑስ?» እሱ የለም ከተባሉ ክትባቱን ሳይጀምሩ አይመለሱ። ኢሚዩኖግሎቡሊን ከመጀመሪያው ክትባት በኋላ እስከ 7 ቀን ድረስ መሰጠት ስለሚችል እየተከተቡ መፈለግ ይቻላል። ዘግይተው ከሆነም፣ ሳምንት አልፎም ቢሆን፣ «አሁንማ አልፏል» ብለው አይቅሩ።

በዚያው የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት መቼ እንደወሰዱ ይጠየቃሉ። ንክሻው እጅ ላይ ከሆነ አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ የውሻ ጥርስ ጥልቅና ጠባብ ቀዳዳ ስለሚተው እጅ ቶሎ ያመረቅዛል።

ጠበልና የባህል መድኃኒት ሳይነሳ አይታለፍም። ጠበል መጠመቅን ክትባት አይከለክለውም፤ መርፌውን ወስዶ መጠመቅ ይቻላል። የሚያሳስበኝ በመርፌው ምትክ የሚጠጣው ሥር ነው። እንዶድን የመሰለ ነገር መጠጣት በራሱ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፣ ይመርዛል። «እገሌ ጠጥቶ ድኗል» የሚለው ምስክርነት የሚመጣው ደግሞ ከአንድ ቀላል ነገር ነው፦ ከሚነክሱ ውሾች ብዙዎቹ እብድ አይደሉም። እብድ ባልሆነ ውሻ የተነከሰ ሰው ምን ጠጣ ምን ይድናል።

ውሻው አይገደል

አሁን ወደ ድንጋይ ያነሳው ሰውዬ እንምጣ። ቫይረሱ በውሻ ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ውሻው መታመም ከመጀመሩ ጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ነው። አንዴ ምራቁ ውስጥ ከገባ ውሻው በቀናት ውስጥ ይታመማል፣ ይሞታል። ስለዚህ ነከሰ በተባለበት ቀን ምራቁ ቫይረስ ነበረው ከተባለ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ሊቆይ አይችልም። በ10ኛው ቀን ጅራቱን እየቆላ ቆሞ ካገኙት በዚያ ንክሻ የእብድ ውሻ በሽታ አልያዘዎትም፤ ሐኪሙም የቀረውን መርፌ ሊያስቆምዎት ይችላል። ይህን ያህል ርግጠኛ መልስ የሚሰጥ፣ በእርስዎ ላይ የሚደረግ ምርመራ የለም። ውሻውን የገደለ ሰው ያን መልስ ገደለብዎ። ዝም ብለው ግን 10 ቀን አይጠብቁ፤ መርፌው ዛሬ ይጀመራል፣ ውሻውም ዛሬ ይታሰራል፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

የውሻው ጌታ ይህን ላያውቁ ይችላሉ። ሰው ነከሰ ሲባል የሚፈሩት ካሳ ነው፤ ከፍርሃት የተነሳ ውሻውን ሌሊት ራቅ ወዳለ ቦታ ወስዶ መጣል ወይም ገጠር መላክ የተለመደ ነው። ስለዚህ ከካሳው ወሬ በፊት ይህን ይበሏቸው፦ «ጋሼ፣ እባክዎ ውሻውን እንዳያስወጡት፣ እንዳይገድሉትም። ለእኔ ጤና ነው። 10 ቀን ይታሰርልኝ፣ ማታ ማታ መጥቼ ከበር ላይ ሆኜ አየዋለሁ።» ብዙ ሰው እንዲህ ከተባለ እሺ ይላል። እምቢ ካሉ የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ይዞ መሄድ ነው።

በ10ሩ ቀን የሚታየው የጠባይ ለውጥ ነው። ጠበኛ የነበረው ፈዞ ጥግ ይዞ መተኛት፣ ጨዋው ያየውን ሁሉ መንከስ፣ እንጨትና ድንጋይ መብላት፣ ድምፁ መለወጥ፣ የኋላ እግር መጎተት፣ ምራቅ መዝረክረክ፣ መንጋጋ ወድቆ መቅረት። የመጨረሻው ብዙ ሰው አስነክሷል፦ ውሻው አፉን ከፍቶ ሲያቃስት «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጁን ጉሮሮው ውስጥ የሚከት ሰው አይጠፋም። «ውሃ ጠጥቷል፣ እብድ አይደለም» የሚለውንም አይመኑ። ውሃ መፍራት የታመመ ሰው ምልክት ነው፤ ውሻ እብድ ሆኖም ውሃ ሊጠጣ ይችላል።

ውሻው በ10ሩ ቀን ውስጥ ቢሞት፣ ወይም ሰው ላይ እየዘለለ ግድ መገደል ካለበት፣ ጭንቅላቱ አይመታ። ላቦራቶሪ የሚመረምረው አንጎሉን ነው፤ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩቱ ይህን ምርመራ ይሠራል። በድንጋይ የተፈጠፈጠ ጭንቅላት ለምርመራ አይሆንም። ሬሳውን በባዶ እጅ ሳይነኩ፣ ሳይቀብሩም፣ ቀዝቃዛ ቦታ አቆይቶ የእንስሳት ሐኪም መጥራት ነው። ውሻው ከጠፋ ግን እብድ ነው ተብሎ ይቆጠራል፤ መርፌው እስከ መጨረሻው ይወሰዳል።

«የተከተበ ነው» ላሉት ጎረቤት ካርዱን እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። ቀኑ ያለፈበት ነው? የሐኪም ማኅተም አለው? የተጻፈው የውሻ መልክ ከዚህ ውሻ ጋር ይገጥማል? ሁሉም ቢሟላ እንኳ ውሻው ይታሰራል፣ የእርስዎን መርፌ ጉዳይ የሚወስነውም ሐኪሙ ነው እንጂ ካርዱ አይደለም።

ቡቺስ?

ትልቅ ውሻ ትንሽን ይዞ ሲያራግፍ ከላይ የሚታየው ሁለት ሦስት ቀዳዳ ነው። የውሻ ቆዳ ስለሚሳብ አይቀደድም፣ ከሥሩ ያለው ሥጋ ግን ይበጣጠሳል፣ የጎድን አጥንት ይሰበራል፣ ሳንባ ሊወጋ ይችላል። «እየሄደች ነው፣ ደህና ናት» ተብላ ያደረች ውሻ ሌሊት ላይ የምትሞተው በዚህ ነው። ስለዚህ በእግሯ ብትቆምም በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም ይያት። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለው ይያዙ። በሕመም ስለምትነክስዎት አፏን በቀጭን ጨርቅ ይሰሩት፣ መተንፈስ ከቸገራት ግን አይሰሩት። በብርድ ልብስ ወይም በጣውላ ላይ አጋድመው ይውሰዷት።

ቤት ያለውን የሰው ማስታገሻ አይስጧት። ፓራሲታሞል ድመትን ይገድላል፣ አይቡፕሮፌን ውሻን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። አዲስ አበባ ውስጥ የግል የእንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሆስፒታል አለ።

በሽታው እሷንም ይይዛታል። ክትባቷ ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ወዲያው ማጠናከሪያ ትወጋና 45 ቀን ቤት ውስጥ በዓይን ትጠበቃለች። ያልተከተበች ከሆነች ነገሩ የሚወሰነው በነከሳት ውሻ ነው፤ እሱ 10 ቀኑን በጤና ከጨረሰ እሷም ተገላገለች። እሱ እብድ ሆኖ ከተገኘ ወይም ከጠፋ የእንስሳት ሐኪሞች የሚመክሩት ሁለት ነገር ነው፦ ሳትሰቃይ እንድትሞት ማድረግ፣ ወይም ከ4 እስከ 6 ወር ከሰውና ከእንስሳ ለይቶ ማቆየት። ለይቶ ማለት በደንብ በተዘጋ ቤት፣ አንድ ሰው ብቻ እየመገባት፣ ማንም ሳይነካት ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን 6 ወር ሙሉ እጠብቃለሁ የሚል ሰው ራሱን ባያታልል ጥሩ ነው። እኔ ልጅ ያለው ሰው ቢያማክረኝ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፣ ከባድ ቢሆንም።

ሕጉ ከማን ጋር ነው?

ከእርስዎ ጋር፣ ያውም ሰው ከሚገምተው በላይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 ላይ የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው በድንገት ከእጁ ቢያመልጥም፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም። ይህ ማለት «አምልጦኝ ነው»፣ «ከዚህ በፊት ማንንም ነክሶ አያውቅም»፣ «እኔ ቤት አልነበርኩም» የሚሉት ሁሉ መከላከያ አይሆኑም። እርስዎ የጎረቤትዎን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ውሻው የእሳቸው መሆኑንና የነከሰዎትም እሱ መሆኑን ካስረዱ በቂ ነው። ውሻውን ተውሶ ወይም ሊጠብቀው ተቀብሎ የያዘ ሌላ ሰው ካለ በቁጥር 2072 እሱም ይጠየቃል። ቤቱን ያከራየው ሰው ግን ቤቱን በማከራየቱ ብቻ ተጠያቂ አይሆንም፤ የውሻው ጌታ ተከራዩ ነው።

ጎረቤትዎ የሚያመልጡበት ዋናው ቀዳዳ የእርስዎ የራስዎ ጥፋት ነው፤ ቁጥር 2086 ይህን ይፈቅዳል። በር ላይ የተለጠፈችው «ተናካሽ ውሻ አለ» የምትል ቆርቆሮ ዋጋዋ እዚህ ላይ ነው። ሳያንኳኩ ግቢ ገብተው ከተነከሱ ቆርቆሮዋ ትመሰክርብዎታለች። መንገድ ላይ ወጥቶ ለነከሰዎት ውሻ ግን ምንም አታደርግም፤ እንዲያውም ጎረቤትዎ ተናካሽነቱን ያውቁ እንደነበር የምታሳይ ትመስለኛለች። ሕጉ ወደ እርስዎም ይዞራል፦ ቡቺ ሳትታሰር ወጥታ ጸቡን የጀመረችው እሷ ከሆነች፣ ወይም ጎረቤትዎን ነክሳ ከሆነ፣ ቁጥር 2071 ለሳቸውም ይሠራል።

ቁጥር 2074 ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የቤት እንስሳ ጉዳት ካደረሰ ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎጂው ለቆ ከኃላፊነት ነፃ መሆን ይችላል። ለበሬና ለፈረስ የታሰበ ይመስላል፤ ለነከሰዎት ውሻ ግን «እንካ ውሰደው» መባል ካሳ አይደለም፣ ተጨማሪ ችግር ነው። ደግነቱ ይህ መብት የሚሠራው ባለቤቱ ምንም ጥፋት ከሌለበት ብቻ ነው። ውሻውን ማታ ማታ በር ከፍቶ የሚለቅ ሰው ጥፋት የለብኝም ሊል የሚችል አይመስለኝም። ይህን በምስክር ማረጋገጥ ከቻሉ ያቺ በር ትዘጋለች።

ምን ያህል ይካሳል? መርሁ ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን የሚል ነው፦ የሕክምና ወጪ፣ የመርፌ፣ የትራንስፖርት፣ ከሥራ የቀሩበት ቀን ገቢ፣ የተቀደደ ልብስ። የድንጋጤና የሕመም ካሳ፣ የሕሊና ጉዳት የሚባለው፣ በቁጥር 2116 ከ1,000 ብር ሊበልጥ አይችልም። 1,000 ብር በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር። ቡቺ ደግሞ በሕግ ዓይን ተንቀሳቃሽ ንብረት ናት። የሕክምናዋ ወጪና የገበያ ዋጋዋ ይጠየቃል፤ ከጓደኛ በነፃ ለተገኘች ውሻ የገበያ ዋጋው ትንሽ ስለሚሆን ጉልበትዎን የክሊኒክ ደረሰኝ ላይ ያድርጉ።

ለዚህ ሁሉ ማስረጃው የሚሰበሰበው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ቁስሉን ከመታሰሩ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ የቡቺንም። ያዩትን ሰዎች ስም ይያዙ። እያንዳንዷን ደረሰኝ ያስቀምጡ፤ የታክሲ ሒሳብ እንኳ ቢሆን በቀኑ ይመዝግቡ። የፍትሐ ብሔር ክስ የሚቀርበው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ ቁጥር 2143።

ፖሊስ ጋ መሄድ ሌላ መስመር ነው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ቁጥር 559 በቸልተኝነት አካል ላይ ጉዳት ማድረስ ያስቀጣል፤ እዚህ ላይ ግን ቸልተኝነቱ መረጋገጥ አለበት። ቀላል ጉዳት ከሆነ በተጎጂው አቤቱታ የሚታይ ነው፣ አቤቱታውም ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቁ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ፖሊስ ለሐኪም ደብዳቤ ይጽፍልዎታል፣ ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃ ይሰጣል። ክስ ባያስቡም እንኳ ማስመዝገቡ አይከፋም፤ ያው ውሻ ነገ የሌላ ሰው ልጅ ቢነክስ «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» የሚለውን ቃል ያስቀራል።

ሽማግሌ ሲመጣ

ይህ ሁሉ ሕግ ተጽፎ፣ አብዛኛው የውሻ ጉዳይ የሚያልቀው በሦስተኛው ቀን ሁለት ሽማግሌዎች የእድሩን ዳኛ ይዘው መጥተው «እንዴ፣ ለውሻ ብላችሁ ትጣላላችሁ?» ሲሉ ነው። እንደ እውነቱ ከሆነ ይሄ መጥፎ መንገድ አይደለም። ፍርድ ቤት ወራት ይወስዳል፣ ጎረቤት ግን ነገም በር ለበር ነው። የሚጎዳው ቀኑ ነው። በሦስተኛው ቀን ገና ሁለተኛ መርፌዎ ላይ ነዎት፣ ውሻው እብድ ይሁን አይሁን አልታወቀም፣ ቡቺ ትዳን ትሙት አልለየላትም። ሽማግሌዎቹ ፊት «ይቅር ብዬዋለሁ፣ ምንም አልጠይቅም» ብለው ከፈረሙ ነገሩ ተዘግቷል ማለት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በጽሑፍ የተደረገ ዕርቅ በተዋዋዮቹ መካከል እንደ መጨረሻ ፍርድ ነው የሚቆጠረው። በኋላ እጅዎ አመርቅዞ ሆስፒታል ቢተኙ ያችን ወረቀት ነው የሚያወጡብዎት።

ስለዚህ ቡናው ይጠጣ፣ ሽማግሌዎቹም ይከበሩ፣ የመጀመሪያው ወረቀት ግን ጊዜያዊ ይሁን። የሚጻፍበት አጭር ነው፦ ውሻው ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ታስሮ ይቆያል፤ ተነካሹ መጥቶ ማየት ይችላል፤ የመርፌውንና የእንስሳት ሐኪሙን ወጪ የውሻው ባለቤት በደረሰኝ እየተያዩ ይከፍላሉ፤ የመጨረሻው ሒሳብ ሕክምናው ሲያልቅ ይታያል። ሁለት ምስክር ይፈርምበት፣ ሁለታችሁም አንዳንድ ቅጂ ያዙ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አንዱ ቅጂ ለማኅበሩ ይሰጥ።

የመጨረሻውን ዕርቅ የሚፈርሙት የመርፌ ካርድዎ ሞልቶ፣ ወይም ውሻው 10 ቀኑን ጨርሶ ሐኪሙ «በቃዎት» ሲልዎት፣ የቡቺም ስፌት ሲወጣ ነው። እዚያ ወረቀት ላይ ከገንዘቡ ሌላ ሁለት ነገር ያስገቡ፤ ውሻው በየዓመቱ እንዲከተብና ካርዱን እንዲያሳዩ፣ የግቢው በርም በራሱ የሚዘጋ እንዲሆን። ገንዘቡ ላይ ትንሽ ቢለቁም እነዚህን ሁለቱን አይልቀቁ።